እስከ አሥራ ሁለተኛው ገጽ

ሰኞ ጠዋት የአዲሱ ልቦለዴ የመጨረሻ እርማት ከማተሚያ ቤቱ መጣልኝ። ከሁለት መቶ ስድሳ ገጽ ውስጥ የቆረቆረኝ አንድ ቀይ ምልክት ብቻ ነው። ሌላው የተለመደ ነው፤ የተደገመ ቃል፣ የጠፋ ነጥብ፣ በችኮላ የዋጥኩት ፊደል። የማተሚያ ቤቱ አራሚ ዓይኗ ብርቱ ነው፤ ከዚህ በፊት ሦስት መጽሐፎቼን አርማልኛለች፣ በዚህ አላማትም። ገጽ ዘጠና አራት ላይ ግን እጇን ከሥራዋ ውጭ ሰደደች። እኔ «በቀኝ እጇ» ብዬ የጻፍኩትን ሰርዛ ከላዩ በቀይ «በግራ» ብላበታለች።

አንቀጹን ልንገራችሁ፤ አለዚያ ያናደደኝ ነገር አይገባችሁም። «እናትየዋ ሹራቧን በቀኝ እጇ ትቆልፋለች። ከታች ትጀምርና ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ አንዲት ቁልፍ ትተርፋታለች። የተረፈችውን ቁልፍ ይዛ ‹ይቺስ የማን ናት?› ብላ ትጠይቃለች፤ የሚመልስላት ሰው እስኪመጣም አትለቃትም።» ከመጽሐፉ ሁሉ ከዚህ የተሻለ አንቀጽ የለኝም። አርታኢው ረቂቁን ሲያነብ አላስችል ብሎት የደወለልኝ እዚህ ላይ ሲደርስ ነው። የጀርባው ሽፋን ላይ እንዲወጣ የመረጠውም ይህንኑ ነው።

ደሜ ፈላ። አራሚ ፊደሏን ታርም እንጂ የሰው እናት በየትኛው እጇ እንደምትቆልፍ ምን አገባት? ወዲያው አርታኢው ጋ ደወልኩ። ይህን ሰው ማተሚያ ቤት ውስጥ «አቶ ይደርሳል» ነው የሚሉት፤ ምን ቢሉት መልሱ «ይደርሳል» ነውና። ወረቀት አለቀ ሲሉት ይደርሳል፣ ደራሲው ታመመ ሲሉት ይደርሳል። ነገሬን ጨርሶ ሰማኝና ቀኝም ሆነ ግራ ለሱ አንድ መሆኑን፣ የፈለግሁትን አድርጌ ሐሙስ ጠዋት «ይታተም» ብዬ ፈርሜ እንዳመጣ፣ ቀትር ላይ ማተሚያው ሥራ እንደሚጀምር ነገረኝ። እኔን ግን እልህ ይዞኛል። ቆይ ደብተሬን አውጥቼ አሳይሻለሁ አልኩ፣ አራሚዋን በሌለችበት።

የደብተሩን ነገርም ልንገራችሁ። ያሳደገችኝ አክስቴ ሱቅ ነበራት። ስኳሩንም ሳሙናውንም የምትጠቀልለው በኪሎ በምትገዛው አሮጌ መጽሐፍ ነው፤ ሽፋኑን ትገነጥልና ገጹን እየቀደደች ትጠቀልልበታለች። እኔ ንባብ የለመድኩት ባንኮኒው ሥር ተቀምጬ፣ እሷ ሳትቀደው ልጨርስ እየተሽቀዳደምኩ ነው። የታሪኩን መጀመሪያ አላውቅ፣ መጨረሻውን አላውቅ፣ ማን እንደጻፈው አላውቅ። የተዋደዱት ይጋቡ አይጋቡ ሳይለይልኝ ግማሽ ኪሎ ስኳር ሆነው ይሸጡብኛል። ስለዚህ ደስ ያለኝን ዓረፍተ ነገር ቶሎ ብዬ ደብተር ላይ እገለብጥ ነበር። ይኸው ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ልማዱ አልለቀቀኝም፤ አሥራ አንድ ደብተር አለኝ። የደራሲ ስም አልጽፍበትም፤ የሰውንም የራሴንም አደባልቄ ነው የማሰፍረው። ለምን ተብዬ ስጠየቅ «ጥሩ ዓረፍተ ነገር ባለቤት አይፈልግም» እላለሁ። አዳራሹ ያጨበጭብልኛል።

ስለ መጻሕፍት አስተያየት ሞልቶኛል፣ ማንም ሳይጠይቀኝ እሰጣለሁ። መቅድም አላነብም፤ ምግቡ ሳይቀርብ ስለ ምግቡ ንግግር የሚያደርግ ሰው አልወድም። ጀግናው ባዘነ ቁጥር ዝናብ የሚዘንብበትን መጽሐፍ አልጨርስም፤ እኔ ያዘንኩባቸው ቀናት ሁሉ ፀሐይ ነበሩ። አንዲት ሴት መስኮት ላይ ቆማ በረጅሙ ከተነፈሰች መጽሐፉን ለማልወደው ሰው አውሰዋለሁ፣ እንዲመለስልኝም አልጠይቅም። ከሁሉ በላይ የታወቅሁት ግን በአሥራ ሁለት ገጽ ሕጌ ነው። መጽሐፍ እስከ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ካልያዘኝ እዘጋዋለሁ፤ የፈለገው ሰው ይጻፈው። ወጣት ደራስያን ይህንን ሕግ ከኔ እኩል ያውቁታል፤ ይፈሩታልም።

እና አንቀጹን ሰባተኛው ደብተር ላይ አገኘሁት። በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ በአረንጓዴ ቀለም፣ ጥርት ብሎ፣ «በግራ እጇ» ይላል።

አራሚዋ ትክክል መሆኗ አይደለም ያስደነገጠኝ። ይህንን እኔ ነኝ የጻፍኩት ወይስ ከሰው ነው የገለበጥኩት? ከላዩ ያለው ዓረፍተ ነገር የራሴ ነው፣ አውቀዋለሁ። ከሥሩ ያለው የኔ አይደለም፣ እሱንም አውቀዋለሁ። መሃል ላይ ያለው ግን ዝም አለኝ። ግራውን ወደ ቀኝ የቀየርኩበትን ቀን በደንብ አስታውሳለሁ። ልቦለድ ውስጥ ግራ እጅ ከገባ አንባቢ ምክንያት ይጠብቃል፣ ምክንያት የሌለው ዝርዝር ይውጣ የሚል ሌላ ሕግ አለኝ። ምክንያቱን ስላላወቅሁ ቀየርኩት። እናትየዋን እኔ ፈጥሬያት ቢሆን ኖሮ ምክንያቱ እንዴት ይጠፋኛል?

ሌላ ሰው ቢሆን «ምን ይደረጋል፣ ተረሳ» ብሎ ያልፈው ይሆናል። እኔ ግን የምልበት አፍ የለኝም። የዛሬ አራት ዓመት በአንድ የመጽሐፍ ውይይት ላይ አንድ ደራሲ ነበር፤ ከባርኔጣው ተለይቶ ስለማያውቅ ባለ ባርኔጣው ነው የምንለው። ሁለት መጽሐፍ ይዤ ተነሣሁ፣ አንዱ የሱ፣ አንዱ የሌላ ሰው። ግማሽ ገጽ ጎን ለጎን አነበብኩ። ከዚያ «ሌባ ሌባ ነው፤ በግ ሰረቀ፣ ዓረፍተ ነገር ሰረቀ» አልኩ። ሰውዬው «ደብተሬ ላይ ነበር፣ የራሴ መስሎኝ ነው» አለ። አዳራሹ ሳቀ፤ ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ባርኔጣውን ከጠረጴዛው አንስቶ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አሳትሞ አያውቅም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እውነት ነው።

ሰኞ ከሰዓትና ማክሰኞን ሙሉ ፍለጋ ላይ ዋልኩ። መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ አራገፍኩ። ዓይኔ ሦስት ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ሹራብ፣ ቁልፍ፣ እናት። ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አልጋው ግርጌ ያነበብኳቸውን አራት መጻሕፍት አወጣሁ። ከታሪካቸው አንድም አላስታውስም፤ የማስታውሰው የወንበሩን ብረት ቅዝቃዜ ነው። ሥራ የፈታሁ ጊዜ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያነበብኳቸውን ዝርዝር ጻፍኩ፣ ዝርዝሩ አላልቅ አለኝ። እነሱን ደግሞ ከየት አምጥቼ ላገላብጥ ነው? ባላገኘሁ ቁጥር እፎይ አልልም፤ ባገኘው ደግሞ ጉዴ ፈላ።

በዚህ መሃል ሌላ ጣጣ መጣ። በአሥራ ሁለተኛው ገጽ ዘግቼ፣ ለሰው ሁሉ «ገለባ ነው» ብዬ ያወራሁለትን አንድ ወፍራም ልቦለድ ስገልጥ አርባኛው ገጽ ላይ ተከፈተልኝ። ጥሩ ነበር። ቆሜ ስድስት ገጽ ካነበብኩ በኋላ ነው ምን እየፈለግሁ እንደነበር ትዝ ያለኝ። ከአሥራ ሁለተኛው ገጽ በኋላ ጥሩ እንደሚሆን ማን ነገረኝ? ሌላውን ከፈትኩ፤ እሱ እንኳ ገለባ ነው። ሦስተኛውን ለመክፈት ግን ፈራሁ።

ሸፍኜ ማለፉን አላሰብኩም አልልም። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ብፈርምስ? ማን ያውቃል? ምናልባትም የራሴ ነው። ምናልባት አንድ ቀን አውቶቡስ ላይ አንዲት እናት ሹራቧን ስትቆልፍ አይቼ ይሆናል። ስንት ሰው አይቻለሁ፣ ሁሉንም ማን ያስታውሳል? እንዲህ እያልኩ ብዕር አነሣለሁ፣ «ይታተም» የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ የባለ ባርኔጣው ድምፅ ይመጣብኛል። ብዕሩን መልሼ አስቀምጣለሁ።

ረቡዕ ታናሽ ወንድሜ የወጥ ቤቴን ቧንቧ ሊያይልኝ መጣ። ሙያው ነው፤ ሰላሳ ዓመት በሰው ማጠቢያ ሥር ተኝቶ ኖሯል። መጽሐፎቼን አያነብም፤ ሥዕል ያለው እስክጽፍ እየጠበቀ እንደሆነ ነው የሚናገረው። ሳሎኑ በመጽሐፍ ተሞልቶ መርገጫ ሲያጣ ቤቱን ልለቅ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሳላስበው ሁሉንም ዘከዘክሁለት፤ ቀዩን ምልክት፣ ደብተሩን፣ ሁለት ቀን ሙሉ የፈለግሁትን። እሱ መፍቻውን ይዞ ማጠቢያው ሥር ገብቷል፤ ይስማኝ አይስማኝ እንጃ። ስጨርስ ጭንቅላቱን እንኳ ሳያወጣ ተናገረ።

«እታለም፣ አንቺ ውሃው የተኛበትን ነው የምትወለውዪው። ውሃው ከየት መጣ ብለሽ አትጠይቂም? ሴትየዋ ግራ መሆኑን በምን አወቀች?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እኔ ደብተሬን ለማንም አሳይቼ አላውቅም። ለማተሚያ ቤቱ የሰጠሁት ረቂቅ ላይ «ቀኝ» ነው ያለው። ታዲያ አራሚዋ በምን አወቀች? ያን ጊዜ አረንጓዴው ቀለም ትዝ አለኝ። አረንጓዴ እስክሪብቶ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነበረኝ፤ የሰጠኝ አቶ ይደርሳል ነው፣ የዛሬ ስድስት ዓመት ለማተሚያ ቤቱ ረቂቅ እገመግምለት በነበረ ጊዜ። ረቂቆቹ የሚመጡልኝ እንዳላዳላ የጸሐፊው ስም ተሸፍኖ ነው። ከእያንዳንዱ አሥራ ሁለት ገጽ አነብባለሁ፣ በአንድ መስመር ፍርዴን ጽፌ እመልሳለሁ። ከገለባው መሃል ፍሬ ካገኘሁ ደግሞ ደብተሬ ላይ እገለብጣለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። ወንድሜ ቧንቧውን ጨርሶ ተነሣና ፊቴን ሲያይ ውሃ ሰጠኝ።

ሐሙስ በጠዋት ማተሚያ ቤት ደረስኩ። የአራሚዋ ክፍል ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከወረቀት ቁልሉ ጀርባ ነው። ስገባ ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር አድርጋ እያነበበች ነበር፤ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ቀና ብላ አየችኝና ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። አልተቀመጥኩም። ገጽ ዘጠና አራትን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግቼ ይህ አንቀጽ ያንቺ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

የታችኛውን መሳቢያዋን ከፍታ በላስቲክ የታሰረ ረቂቅ አወጣችና ከፊቴ አስቀመጠችው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በአረንጓዴ ቀለም፣ በኔ እጅ ጽሑፍ፣ «አሥራ ሁለት ገጽ አነበብኩ። ደራሲዋ ገና ማየት አልጀመረችም» ይላል። ስሜ የለበትም። እኔ መሆኔን እንዴት እንዳወቀች ስጠይቃት፣ በዚያን ጊዜም መጽሐፌን እያረመች የኔን እጅ ጽሑፍ ስትፈታ ትውል እንደነበር፣ እናቷ የጻፉላትን ደብዳቤ እንኳ ያንን ያህል እንደማታውቀው ነገረችኝ። ቂም ያለበት ድምፅ አልነበረም። ቂም ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

«ታዲያ ስታዪው ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት። «ለአርታኢው ብትነግሪው ጉድ ታደርጊኝ ነበር።»

«እናቴ ቀኝ እጇ አይታዘዝላትም ነበር» አለች። «በሽታ ሽባ አድርጎባት ነው። በቀኝ እጇ ስትቆልፍ መታተሟን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሌላውን እርስዎ ያውቃሉ።»

ቀጥላም ምክንያቱ ገጽ አሥራ አራት ላይ መጻፉን ነገረችኝ። አንቀጹ ያለው ገጽ ዘጠኝ ላይ ነው። ሁለት ገጽ ብታገስ ኖሮ እደርስበት ነበር። ላስቲኩን አወለቅሁና እዚያው ቆሜ አነበብኩት፤ ሴትየዋ ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ልጃቸው ሹራቡን ልትቆልፍላቸው እጇን ስትዘረጋ በግራቸው ይመልሷታል፤ አንዲቷን ቁልፍ ግን ያስተርፉላታል። ለካ አውቀው ነው የሚያስተርፉት፤ ልጅቷ የምትሠራው እንዳታጣ። ማየት ያልጀመርኩት እኔ ነበርኩ። አለቀስኩ፣ ልደብቀውም አልሞከርኩም።

ከዚያ ቀይ እስክሪብቶዋን ከጠረጴዛው አነሣሁና አንቀጹን ልሰርዘው አልኳት። ከመጽሐፉም ከሽፋኑም ይውጣ፤ የሷን ለሷ ልመልስ፣ የኔ መጽሐፍ ከፈለገ ይጉደል። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። እሷ መዳፏን ገጹ ላይ አሳረፈችው።

«አያውጡት» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ከረረ። «ሌላ የት ልትታተም ነው? ያንን መስመር ከጻፉ በኋላ ረቂቁን ማን ተቀበለኝ?»

ብሰርዘው ሴትየዋን ሁለተኛ ልቀብራቸው ነው። ብተወው የሰው እናት ሰርቄ በስሜ ላወጣ ነው። የቀረኝ አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ እሱም በባለ ባርኔጣው ደጃፍ የሚያልፍ ነው። ወደ አርታኢው ክፍል ሄድኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ መጽሐፉ ፊት ላይ አንድ ማስታወሻ እንዲገባ፣ በጀርባው ሽፋንም ላይ አንቀጹ ሥር የጸሐፊዋ ስም እንዲሰፍር ጠየቅሁት። አቶ ይደርሳል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «አይደርስም» አለ። ማን ያያል፣ ለምን ራሴን አስበላለሁ፣ ጋዜጦቹ ምን እንደሚሉ አላውቅም ወይ፣ ባለ ባርኔጣውስ ሲያነበው? አውቃለሁ አልኩት። ቢሆንም ማስታወሻው ካልገባ አልፈርምም ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። እሱም ማተሚያውን በሁለት ሰዓት አዘገየው።

የአራሚዋን ስም ከነአባቷ የጠየቅሁት እሱን ነው። ሦስት መጽሐፌን ስታርም ስሟን ጠይቄ አላውቅም ነበር። አንድ ወረቀት ለምኜ፣ ከስሟ ቀጥዬ፣ ብዙ ጊዜ እየሰረዝኩ ጻፍኩ። «በገጽ ዘጠና አራት ስለ እናትየዋ የተነገረው ካልታተመው ልቦለዷ የተዋስኩት ነው። ያን ልቦለድ ለዚሁ ማተሚያ ቤት ስገመግም አሥራ ሁለት ገጽ ብቻ አንብቤ ጥዬዋለሁ።» ሁለት መስመር ናት፣ ከመጽሐፉ ምዕራፎች ሁሉ ያስቸገረችኝ ግን እሷ ናት።

ወረቀቱን ይዤ ወደ አራሚዋ ተመለስኩ። እዚያ ቤት ሳይታረም የሚታተም የለም። ማስመሪያዋን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አድርጋ አነበበች፤ ስሟ ጋ ስትደርስ ማስመሪያው ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ አለፈ። ሁለተኛውን አነበበች። ተመልሳ ቀይ እስክሪብቶዋን አነሣችና «የተዋስኩት» የሚለውን ሰርዛ ከላዩ «ሳልጠይቅ የወሰድኩት» ብላ ጻፈችበት።

ወረቀቱን መለሰችልኝ። አንብቤ ከሥሩ «ይታተም» ብዬ ፈረምኩ።